ከቤት በር እስከ ሜዳ፦ ኦስሎ የነዋሪዎቿን መዝናኛ እንዴት ታቅዳለች?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ስለ ከተማ ኑሮ የምንነጋገርበት ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀምሯል። የዛሬው ርዕሳችን አንድ ከተማ ለነዋሪዎቹ፣ ለልጁም ለአዋቂውም፣ የመዝናኛና የስፖርት መርሐ ግብር ሲያቅድ ከምን መነሳት አለበት የሚለው ነው። ለማሳያ የመረጥነው የኖርዌይን ዋና ከተማ ኦስሎን ነው። ካልተናገርኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦስሎ ለሩጫ ወዳጆች እንግዳ ስም አይደለችም። በሰኔ 2007 አትሌት መሠረት ደፋር የራሷን የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለችው እዚያ፣ ቢስሌት ስታዲየም ውስጥ ነበር። ዓመት ቆይቶ፣ በሰኔ 2008፣ ጥሩነሽ ዲባባ በዚያው መም ላይ በ14 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብታ ክብረ ወሰኑን ተረከበች። ያን ምሽት በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው የሚያስታውሰው የላይኛውን መም ነው። ቢስሌት ግን ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ሌላም መም አለው። ጣሪያ ያለውና ሕንፃውን እየዞረ የሚሄድ፣ ከ500 ሜትር የሚበልጥ መሮጫ ነው። ውጭው በበረዶ ሲሸፈን ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ከሥራ የወጣው ሠራተኛ በአነስተኛ ክፍያ እየገባ ይሮጥበታል። ስታዲየሙ በ2005 እንደ አዲስ ሲሠራ ያቀዱት ሰዎች ለአንድ ምሽት ሻምፒዮን ብቻ አላሰቡም፤ በጥር ማክሰኞ ማታ ላቡን ማውጣት ለሚፈልገው ተራ ነዋሪም አስበዋል ማለት ነው።

የዛሬው ትምህርታችን የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። የመዝናኛ ዕቅድ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚሄደው ወደ ግንባታው ነው። ስንት ሜዳ ተሠራ? ስንት ፓርክ ተመረቀ? የኦስሎን ሥራ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ነዋሪው ከቤቱ በር ተነስቶ ሜዳው ድረስ እንዳይደርስ የሚያደናቅፉት ነገሮች ምንድን ናቸው? መንገዱ ይርቃል? መሽቷል? ጫማ የለውም? ክፍያው ከብዶታል? የሚጋብዘው ሰው የለም? ጥሩ ዕቅድ እነዚህን አንድ በአንድ ለይቶ የሚያነሳ ዕቅድ ነው። ኦስሎ አንዳንዱን በሚያስቀና ሁኔታ አንስታለች፤ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬም ከፊቷ ተደቅኖ አለ። ሁለቱንም እናያለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በመሬቱ እንጀምር፤ መሬት ከሌለ ሌላው ሁሉ ወሬ ነውና። ኦስሎ በማዘጋጃ ቤቷ ወሰን ውስጥ ወደ 450 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ቤት ያልተሠራበት ደንና ውኃ ነው። ከተማዋን የከበበውን ይህን ደን ነዋሪዎቹ ማርካ ይሉታል፤ በሰሜን በኩል ያለው ኖርድማርካ ነው። ደኑ እንዲሁ በዕድል የተረፈ አይደለም። ከተማዋ ገና ክርስቲያንያ በምትባልበት ዘመን፣ በ1889፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፍሮግነርሴተረን የተባለውን ከፍታ ከነደኑ ገዛ። ቀድሞ የባለ ባንኩ የቶማስ ሄፍትየ ይዞታ ነበር፤ ሄፍትየ በ1868 የኖርዌይ የእግር ተጓዦች ማኅበር ሲመሠረት ቀዳሚ ሚና የነበረው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ማርካን ለልማት የሚፈልጉ ብዙ እጆች መጡ። በ1946፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በዓመቱ፣ በኖርድማርካ ሊካሄድ የታሰበውን የኤሌክትሪክ ኃይል ልማት በመቃወም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦስሎ ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ። ልብ በሉ፤ አገሪቱ ገና ከወረራ የወጣች ናት፣ ምግቡ በራሽን ነው፣ መብራትም ያስፈልጋል። ሕዝቡ ግን የሚንሸራሸርበት ደን እንዳይነካበት ሰልፍ ወጣ።

ሕጉም ተከተለ። በ1957 የወጣው ሕግ ማንኛውም ሰው ያልታረሰን መሬት፣ የግል ይዞታም ቢሆን፣ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ በእግሩ እንዲያልፍበት፣ እንዲያርፍበት፣ እንጆሪና እንጉዳይ እንዲለቅምበት ይፈቅዳል። በ2009 ደግሞ ማርካን ብቻ የሚመለከት ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። የከተማው ግንባታ የሚቆምበት መስመር በካርታ ተሰምሮ በሕግ ተጠበቀ። የኦስሎ የቤት ችግር ቀላል አይደለም፤ ኪራዩ ውድ ነው፣ የቤት ዋጋም በየጊዜው ይንራል። መስመሩን ገፋ አድርገን ጥቂት ሕንፃ እንሥራ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል፤ ክርክሩም ሞቅ ያለ ነው። እኔ በበኩሌ መስመሩን ለሚጠብቁት እወግናለሁ። ቤት በሌላ ቦታ፣ ወደ ላይም ቢሆን ይሠራል። አንዴ የተቆረሰ ደን ግን ተመልሶ ደን የሆነበት ከተማ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በደኑ ውስጥ ያለው ማሪዳልስቫኔት የተባለው ሐይቅ የኦስሎ የመጠጥ ውኃ ዋና ምንጭ ነው። ስለዚህ በዚያ ሐይቅ መዋኘት ክልክል ነው፤ ዳር ዳሩን በእግርና በብስክሌት መሄድ ግን ይፈቀዳል። መዋኘት የፈለገ ሶግንስቫን ወደሚባለው ሐይቅ ይሄዳል። አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለመዋኛ ለይቶ ማስቀመጥም የዕቅድ ሥራ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ደኑ አለ። ነዋሪው በምን ይድረስበት? የኦስሎ ብልሃት ባቡሩ ላይ ነው። ሶግንስቫን ሐይቅ የአንዱ የከተማ ባቡር መስመር የመጨረሻ ፌርማታ ነው። ከመሀል ከተማ የተሳፈረ ሰው ሩብ ሰዓት አለፍ ሲል ወርዶ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ውኃው ዳር ይቆማል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ፣ ሜዳማና የተደለደለ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ወላጅም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም ሳይቸገር ይዞረዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኮርከትሬከረን ነው። ከፍሮግነርሴተረን ተነስቶ ሚድስቱየን እስከሚባለው ሰፈር የሚወርድ፣ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ የበረዶ መንሸራተቻ ነው። ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች 255 ሜትር ይሆናል። በክረምት ቅዳሜ ቀን ብትሄዱ የምታዩት እንዲህ ነው፤ አባት ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ጎረምሶች እየተጯጯሁ፣ አያቶችም ጭምር በትንንሽ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጠው ይወርዳሉ። በየጠመዝማዛው አንዱ ይገለበጣል፣ በረዶውን አራግፎ ይነሳል፣ ይቀጥላል። ታች ሲደርሱ የሚጠብቃቸው የባቡር ጣቢያ ነው። መንሸራተቻቸውን ተሸክመው ይሳፈራሉ፤ ባቡሩ መልሶ ተራራው አናት ላይ ያደርሳቸዋል፤ እንደገና ይወርዳሉ። መግቢያ ክፍያ የለም። የሚከፈለው የባቡሩ ትኬት ነው፤ መንሸራተቻ ለሌለው ደግሞ እዚያው የሚያከራይ አለ። ወደ ተራራው የሚያወጣ ማሽን አልተተከለም፤ ለሕዝብ መጓጓዣ የተሠራው ባቡር ሥራውን ደርቦ ይሠራል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና የመዝናኛ መሥሪያ ቤት በአንድ ካርታ ላይ ሲሠሩ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው።

በበጋም እንዲሁ። በፊዮርዱ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች የሚያደርሱት ጀልባዎች የሚሠሩት በዚያው በአውቶቡሱና በባቡሩ ትኬት ነው። ወርሃዊ ትኬት ያላት እናት ደሴት ላይ ስትውል ለራሷ ጉዞ የምታወጣው ተጨማሪ ገንዘብ የለም።

ጊዜም ያደናቅፋል። ኦስሎ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 9 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሠራተኛው ከቢሮ ሲወጣ ጨለማ ነው ማለት ነው። ማብራት ባይኖር ያ ሁሉ ደን ለሠራተኛው ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚጠቅም ይሆን ነበር። ስለዚህ ከሰፈሮቹ አጠገብ የሚነሱ የበረዶ ሸርተቴ መንገዶች መብራት ተተክሎላቸዋል፤ ማታም በረዶው ላይ ሰው ይመላለሳል። መንገዱን በማሽን እየደለደሉ የሚያሰናዱት ማዘጋጃ ቤቱና ከ1883 ጀምሮ ያለው የሸርተቴ ማኅበር ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ሴቶች ከ12 ሰዓት በኋላ ሜዳ መሄድ የሚፈሩበት ምክንያት ምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ ከብዙዎቹ የምንሰማው መልስ መብራት የሚል ይመስለኛል። ሜዳ ከመጨመር በፊት ባለው ሜዳና ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ አምፖል መስቀል የሚቀድምበት ጊዜ አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ኖርዌጅያኑ ሕፃን ከነሸርተቴው ይወለዳል እያሉ ይቀልዳሉ። ከሌላ አገር የመጣ ቤተሰብ ልጅ ግን ከነሸርተቴው አይወለድም። ትምህርት ቤቱ ‹ነገ የበረዶ ቀን ነው፣ ሸርተቴያችሁን ይዛችሁ ኑ› የሚል መልእክት ሲልክ፣ ሦስት ልጆች ያሏት እናት ጭንቅ ውስጥ ትገባለች። ዕቃው ውድ ነው፤ ልጁ ደግሞ በዓመቱ እግሩ ያድግና ጫማው አይገባውም። ልጁም ሌሊቱን አስቦበት ጠዋት ‹ሆዴን አሞኛል› ይላል። ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ይህንን ያውቀዋል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንደሚያውስ ዕቃ ማዋስ ነው። ቡአ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2014 ተመሥርቶ በመላው ኖርዌይ የስፖርትና የመዝናኛ ዕቃ ማዋሻዎችን ያስተባብራል። ሸርተቴ፣ የበረዶ ጫማ፣ ብስክሌት፣ ድንኳን፣ የጀርባ ሻንጣ፣ ሁሉም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት። ድሃ መሆንህን አስመስክር የሚል ማንም የለም። ሀብታሙም ይዋሳል፣ ድሃውም ይዋሳል፤ ስለዚህ መዋስ አያሳፍርም። የማኅበራዊ ድጋፍ ፎርም ሞልቶ፣ ተሰልፎ፣ ፊርማ አስፈርሞ የሚገኝ ሸርተቴ ቢሆን ኖሮ፣ ክብሩን የሚጠብቅ አባት ልጁን ቤት ቢያስቀር ይመርጥ ነበር። ይህን የመዝናኛ ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ ቢያስብበት ደስ ይለኛል፤ ለተቸገረው ብቻ ተብሎ የተከፈተ በር ብዙ ጊዜ የተቸገረው የማይገባበት በር ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ሳይኖራችሁ አይቀርም። ከፊሉ ከግብር፣ ከፊሉ ከሎተሪ ነው። ኖርስክ ቲፒንግ የመንግሥት የውርርድና የሎተሪ ድርጅት ነው። ለበጎ ዓላማ ከሚያካፍለው ትርፍ 64 በመቶው ለስፖርት፣ 18 በመቶው ለባህል፣ 18 በመቶው ለሰብዓዊና ለማኅበራዊ ድርጅቶች ይሄዳል። ከዚህ ገንዘብ ለስፖርት ማዘውተሪያ ግንባታ ድርሻ የሚፈልግ ማዘጋጃ ቤት በምክር ቤቱ የጸደቀ የስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ዕቅድ ማቅረብ ግዴታው ነው። ዕቅድ ከሌለ ገንዘብ የለም። የሠራውንም ሜዳ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ለአሥርት ዓመታት ማንቀሳቀስ አለበት፤ ስለዚህ አስቦ ይሠራል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን የነገርኳችሁ የኦስሎን ደግ ደጉን ነው። ኦስሎ ግን ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ባለጸጎቹ፣ በምሥራቅ በኩል ሠራተኛውና ከሌላ አገር የመጣው ይበዛል። በወጣቶች ላይ በየጥቂት ዓመታቱ የሚካሄደው ‹ወጣት በኦስሎ› የተሰኘው መጠይቅ ደጋግሞ ያሳየው ነገር አለ። በምሥራቁ ያሉ ወጣቶች፣ በተለይም ወላጆቻቸው ከውጭ የመጡ ሴት ልጆች፣ በስፖርት ክለብ የመሳተፍ ዕድላቸው ከምዕራቦቹ እጅግ ያነሰ ነው። ደኑ ለሁሉም እኩል ቅርብ ሆኖ ሳለ! ግሩሩዳለን በሚባለው ሸለቆ ያሉት የስቶቭነርና የግሩሩድ ሰፈሮች ማርካን የሚነኩ ናቸው። ርቀቱ አይደለም እንቅፋቱ። የአባልነት ክፍያ ነው፤ ወላጅ ማታ ፈረቃ ስለሚሠራ ልጁን የሚያደርስ አለመኖሩ ነው፤ ክለቡ ውስጥ እንደነዚህ ሴት ልጆች ያለች ልጅ አለመኖሯም ነው።

ከዱግናድም ጋር የተያያዘ ነገር አለ። ዱግናድ ወላጆች ያለ ክፍያ ተሰባስበው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ የእኛን ደቦ ይመስላል። የኖርዌይ የልጆች ክለብ የሚቆመው በዚህ ነው። አንዱ ወላጅ ያሠለጥናል፣ ሌላው ኬክ ጋግሮ ይሸጣል፣ ሌላው ልጆቹን በመኪና ወደ ግጥሚያ ያደርሳል። ለአገሬው ሰው ይህ እንደ አየር ነው፤ ሳይነገረው ያውቀዋል። አዲስ የመጣ ወላጅ ግን የሚነግረው ከሌለ ከየት ይወቀው? ክፍያውን ከፈልኩ፣ አበቃ ብሎ ያስባል። ሌሎቹ ደግሞ ‹እነዚህ አይተባበሩም› ብለው ያዝናሉ። ሁለቱም ወገን በደግ ልብ ሳለ ልጁ ከክለቡ ይቀራል። በደቦ ያረሰ፣ በዕድር የቀበረ ሕዝብ መተባበርን ማንም አያስተምረውም፤ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ‹እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ አንተ የትኛውን ትይዛለህ?› ብሎ መጠየቁ ብቻ ነው። ይህን ጠያቂ ሰው መመደብም የዕቅድ አካል ነው፤ ርካሽም ነው።

ከተማዋና መንግሥት ችግሩን ዓይተው ዝም አላሉም። ከ2007 እስከ 2016 ድረስ በግሩሩዳለን አራት ክፍለ ከተሞች፣ በአልና፣ በቢየርከ፣ በግሩሩድና በስቶቭነር፣ የአሥር ዓመት የጋራ መርሐ ግብር ተካሄደ። ተቀብረው የነበሩ ወንዞች ወደ ላይ ወጡ፣ በዳርቻቸው ፓርኮች ተሠሩ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ እስከ 2026 የሚዘልቅ ሁለተኛ ምዕራፍ ተከፈተ፤ የከተማዋን ደቡብና የመሀል ምሥራቁን ሰፈሮችም አካተተ። በ2017 የተመረቀው የስቶቭነር ማማ የዚህ ዘመን ሥራ ነው። ማማ ይባል እንጂ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ቀስ እያለ ከፍ የሚል 265 ሜትር የእግር መንገድ ነው። ደረጃ የለውም፤ አንካሳውም፣ ሕፃን የያዘችውም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውም እኩል ይወጣዋል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሸለቆው ሁሉ፣ ከዚያም ወዲያ ከተማው ይታያል። በጋዜጣ ስሙ በወንጀልና በችግር ብቻ ሲነሳ ለኖረ ሰፈር፣ ከሌላው ሰፈር ሰው ሊያየው የሚመጣ ነገር ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ግን ቶየን ያለውን የልጆች ቤት ነው። ቶየን በኦስሎ መሀል ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። የሠዓሊው የኤድቫርድ ሙንክ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት እዚያ ነበር፤ ወደ ባሕሩ ዳር እንዲዛወር በ2013 በከተማው ምክር ቤት ስምምነት ሲደረስ፣ በምትኩ ሰፈሩን የሚያነቃቃ መርሐ ግብር ተያዘለት። ከዚያ ዘመን ፍሬዎች አንዱ ቢብሎ ቶየን ነው፤ በመጋቢት 2016 የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት። የሚገቡበት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 የሆኑ ልጆች ብቻ ናቸው። ወላጅ እንኳ ቢሆን አዋቂ አይገባም።

ለምን ከ10 ዓመት ጀመሩ? የኦስሎ ትምህርት ቤቶች ከክፍል በኋላ ልጆች የሚቆዩበት የእንቅስቃሴ ትምህርት ቤት የሚባል አገልግሎት አላቸው። ይህ አገልግሎት ግን እስከ አራተኛ ክፍል ላሉት ነው። ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው በሩ ይዘጋበታል። እናትና አባት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለወጣት ክለብ ደግሞ ገና ልጅ ነው። ስለዚህ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ይውላል። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች የልጁን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተከትለው ክፍተቱን አገኙት፤ ከዚያ የሠሩት ነገር ክፍተቱ ላይ ልክ ገጠመ።

ውስጡንም ያሰናዱት ልጆቹን ጠይቀው ነው። አሮጌ የቮልቮ ጭነት መኪና ወደ ወጥ ቤት ተለውጦ ቆሟል፤ ልጆቹ እዚያ ምግብ ማብሰል ይማራሉ። ተራራ ላይ ሰው ያወጡ የነበሩ አሮጌ የገመድ ባቡር ሳጥኖች መቀመጫ ሆነዋል፤ ሁለት ሦስት ሆነው ገብተው ያወራሉ፣ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ያነባሉ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የሚያገኙት አዋቂ ሠራተኞቹን ብቻ ነው፤ እነርሱም ቲያትር፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ስዕል ያሳዩዋቸዋል። የሚከፈል ነገር የለም፣ መመዝገብም ግዴታ አይደለም። አንድ ልጅ ከሥልጠና ቢቀር አሠልጣኝ ይቆጣል፤ እዚህ ግን ሲመጣ እንኳን መጣህ፣ ሲቀር ደግሞ ነገ ና ነው። በሰዓት ተገኝቶ፣ ተሰልፎ፣ ተወዳድሮ መዋል የሁሉም ልጅ ጠባይ አይደለም። ይህን የተረዳ ዕቅድ ስንት ልጅ እንደሚያተርፍ አስቡት።

ስለ ውድድር ካነሳን አይቀር፣ የኖርዌይ የስፖርት ኮንፌዴሬሽን ለልጆች ያወጣውን ደንብ ልጥቀስ። ልጁ 11 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የውጤት ዝርዝርና ደረጃ አይወጣም። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በብሔራዊ ሻምፒዮና አይሳተፍም። ዓላማው ልጁ ስፖርቱን ሳይወደው እንዳይሸሽ ነው። ‹ታዲያ እንዲህ እያለሳለሱ ጀግና ከየት ይመጣል?› የሚል ካለ፣ ኖርዌይ በ2018ቱ የክረምት ኦሊምፒክ 39 ሜዳሊያ፣ በ2022ቱ ደግሞ 16 ወርቅ ወስዳ ሁለቱንም ጊዜ ከዓለም አንደኛ መውጣቷን ይመልከት። የሕዝቧ ቁጥር ከአዲስ አበባ ሕዝብ እምብዛም አይርቅም።

ሌላው ነገር የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ የኛው ታላቅ ሰው ይነሳል። አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ወደተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ሆኖ ሊቀመጥ አልወደደም። ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ በበረዶ ላይ በተካሄደ የ25 ኪሎ ሜትር መንሸራተቻ ውድድርም አሸነፈ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው፣ በማያውቀው በረዶ ላይ፣ በእጁ ኃይል! ኖርዌይ በዚያ ዘመን ዓይነ ስውሩ ኤርሊንግ ስቱርዳል በጀመረው እንቅስቃሴ ምክንያት ቤይቶስቶለን በተባለ ተራራማ ስፍራ የአካል ጉዳተኞች የስፖርትና የጤና ማዕከል ከፍታ ነበር፤ ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በ1970 ነው። አበበን ለውድድር ያበቃው መንሸራተቻው ለእርሱ ሁኔታ የተሠራ መሆኑ ነው። የሰው ብርታት ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃውና መንገዱ መሰናዳት አለባቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ሁሉ የምንሰማው ወደ ቤታችን ለመመለስ ነው። ኦስሎ ሀብታም ናት፤ ባቡሯንና ጀልባዋን ነገ መሥራት አንችልም። ከነገርኳችሁ ውስጥ ግን ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውን ‹መንገድ ለሰው› አስታውሱ። አስፋልቱ ለጥቂት ሰዓት ለመኪና ተዘግቶ ልጆች ብስክሌት ነዱበት፣ እናቶች ስፖርት ሠሩበት። የተሠራ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የተነሳ እንቅፋት ነው የነበረው። መስቀል አደባባይ ንጋት ላይ ደረጃውን የሚወጣውና የሚወርደው ሕዝብም ያለ ትኬት ነው የሚመጣው። በሌላ በኩል አጥር ታጥሮ መግቢያ ክፍያ የተጣለበት ያማረ ፓርክ፣ አምስት ቤተሰብ ላለው የቀን ሠራተኛ በፎቶ ብቻ የሚያየው ስፍራ ነው። ክፍያ የግድ ከሆነ እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ለሁሉም በነፃ ማድረግ ይቻላል።

በወረዳ ስፖርት ቢሮ፣ በወጣት ማዕከል፣ በዕድር ወይም በትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ የምትሠሩ አድማጮቻችን፣ ለሚመጣው ሳምንት የምንሰጣችሁ የተግባር ሥራ አለ። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ፣ አንድ ጡረተኛና አንድ በክራንች የሚሄድ ነዋሪ ምረጡ። እያንዳንዳቸውን ከቤታቸው በር ተነስታችሁ በአካባቢያችሁ ወዳለው ሜዳ ወይም ማዕከል በእግር ሸኟቸው። አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ። ደብተር ያዙ። የት ቆሙ? የት ፈሩ? የት ዞረው ሄዱ? በሩ ላይ ማን አስቆማቸው፣ ምንስ ጠየቃቸው? ደርሰውስ ምን የሚሠሩት ነገር አገኙ? መጸዳጃ ቤቱ ክፍት ነው ወይስ ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ይፈለጋል? የልጅቱን መልስ ልጅቱ ራሷ ትናገር፤ እናቷ ወይም መምህሯ አይመልሱላት። ከዚያ ከጻፋችሁት ውስጥ ያለ በጀት በአንድ ወር ሊነሳ የሚችለውን እንቅፋት ለዩና በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አቅርቡት፤ ስሙን፣ ቦታውን፣ የሚያነሳውን ሰው ጭምር ጽፋችሁ። በጀት የሚጠይቀው ለዓመታዊው ዕቅድ ይቆይ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከእናንተ ከደረሱን ማስታወሻዎች ጥቂቶቹን እናነባለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)